ክኒን የምትተፋ ድመት፣ ሥጋውን በልቶ መድኃኒቱን የሚያስቀር ውሻ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዳማ የምትባል የሁለት ዓመት ድመት አለችኝ። ስታስነጥስና ዓይኗ ሲያለቅስ ጊዜ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘላት፤ ባለ 100 ሚሊ ግራሙ ፍሬ ለሦስት ተከፍሎ በቀን አንድ ቁራጭ፣ ለ10 ቀን። የዓይን ቅባትም አላት። ክኒኑን ፈጭቼ ወተቷ ውስጥ ጨመርኩት፤ አሽትታ ጥላው ሄደች። በግድ ስግታት ደግሞ አረፋ ደፈቀች። ጎረቤታችን "ተመርዛለች፣ ወተት አጠጫት" ብለው አስደነገጡኝ። አሁን ገና ስታየኝ ሶፋ ሥር ትገባለች። ወንድሜ ትኩሳት ስላላት ፓራሲታሞል ቆርሰን እንስጣት ይላል። ውሻችን ቡቺም ያው ነው። የትል መድኃኒት በሥጋ ስንሰጠው ሥጋውን በልቶ ክኒኑን መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። ምን ይሻላል?»

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የወንድምሽን ነገር እንጨርስ። ፓራሲታሞል ለድመት አይሰጥም። ተቆርሶም፣ ተበጥብጦም አይሰጥም። የሰው ጉበት ፓራሲታሞልን የሚያስወግድበት መንገድ በድመት ጉበት ውስጥ በጣም ደካማ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ሰውነቷ ውስጥ ወደ መርዝነት ይለወጣል። ቀይ የደም ሴሎቿን ይጎዳል፤ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ባለ 500 ሚሊ ግራሙ አንድ ፍሬ ድመት ለመግደል ይበቃል። ሩቡም ቢሆን ሊጎዳት ይችላል።

አንድ ምሽት ያመጡልኝን ግራጫ ድመት እስካሁን አልረሳትም። ባለቤቶቿ በፍቅር ነው የሰጧት፣ ትኩሳቷ እንዲወርድላት ብለው። ፊቷ አብጦ ዓይኗ ሊጨፈን ደርሷል። መዳፎቿም አብጠዋል። ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ከንፈሯን ገለጥ ሳደርገው ድዷ ሮዝነቱ ጠፍቶ የቡና አተላ መስሏል። ያቺን ድመት ማትረፍ አልቻልንም። ስለዚህ ወንድምሽን በእኔ ስም አደራ በይው።

አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም እንደዚያው ናቸው፤ እነሱ ለቡቺም አይሆኑም። ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ። ምናልባት ይህን ከማንበብሽ በፊት ፓራሲታሞሉን ሰጥታችኋት ከሆነ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። ማሸጊያውን ይዛችሁ አሁኑኑ ሐኪም ጋ ሂዱ። እዚህ ላይ ሰዓት ነው የሚወስነው።

ወደ አረፋው ልምጣ። ዳማ አልተመረዘችም። መራራ ነገር ምላሷ ላይ ሲያርፍ ድመት ምራቋን አብዝታ ታመነጫለች፣ ያን ጣዕም ለማጠብ። ጭንቅላቷን ስታራግፈውና ምላሷን ስታወጣ ምራቁ አረፋ ይሆናል። ለሚያይ ያስደነግጣል፤ እውነት ነው። ግን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያልፋል። ክኒን ሲፈጭ ደግሞ መራራነቱ ይብሳል። ብዙ ክኒን ላዩ የተለበጠው ለዚሁ ነው፤ ስትፈጪው ያንን ልባስ አፈረስሽው ማለት ነው። የሚያሳስበኝ ከአረፋው ጋር መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ ወይም የትንፋሽ ማጠር ሲመጣ ነው። ያኔ ጉዳዩ ከመራራነት ያለፈ ነውና ወደ ሐኪም ነው።

የጎረቤትሽ ምክር ከደግነት የመጣ ነው። «ተመረዘ ሲባል ወተት» የሚለውን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ነገር ግን አረፋ የሚደፍቅ እንስሳ አፍ ውስጥ ወተት ሲገለበጥ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ ሆድ ሳይሆን ወደ ሳንባ ነው። ዘይትማ የባሰ ነው። ዘይት ወደ አየር ቧንቧ ሲገባ እንደ ውሃ ጠንከር ያለ ሳል አይቀሰቅስም፤ ዝም ብሎ ሾልኮ ይገባና የሳንባ ምች ያስከትላል። እየተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን ስቶ ያለ እንስሳ አፉ ውስጥ ምንም ነገር አይጨመርም።

አሁን ስለ ወተቱ። ዶክሲሳይክሊንን በወተት መስጠት ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን ይይዘዋል። አንዴ ከተያያዙ አንጀት በደንብ መምጠጥ አይችልም። ብትጠጣው ኖሮም መጠኑን አታገኝም ነበር። እርጎም፣ አይብም ያው ናቸው። ሁለተኛው ደግሞ ሰው ብዙ የማያስበው ነው። መድኃኒት ሙሉ ሳህን ውስጥ ሲገባ ግማሹን ትታ ስትሄድ ስንት እንደወሰደች ማወቅ አይቻልም። ከዚያ በላይ ደግሞ ያ ሳህን ይበላሽባታል። ነገ ንጹሕ ወተት ብታቀርቢላትም አሽትታ ትሄዳለች። የታመመች ድመት የምትወደውን ምግብ ስትጠላ ነገሩ ከባድ ነው። ድመት ሁለት ሦስት ቀን ሙሉ ካልበላች ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ሊታመም ይችላል። ስለዚህ «ሲርባት ትበላዋለች» ብለሽ እንዳታስርቢያት።

እኔ የምለው አንድ ነው፦ መድኃኒት ሳህን ውስጥ አይገባም። በአንድ ጉርሻ፣ ከእጅሽ፣ ከኋላው ውሃ አስከትለሽ።

ውሃውን ያነሣሁት ያለምክንያት አይደለም። ዶክሲሳይክሊን ለድመት ደረቁን ሲሰጥ አደገኛ ነው። ደረቅ ክኒን በድመት የምግብ ቧንቧ ውስጥ ተጣብቆ ደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል። ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ሲሟሟ ያቃጥላል። ያረፈበት ቦታ ይቆስላል፤ ቁስሉ ሲሽር ቧንቧው ይጠባል። አንድ ወንድ ድመት እንዲህ ሆኖ መጥቶልኝ ነበር። ጉንፋኑ ከዳነ ሳምንታት አልፈዋል። ይርበዋል፤ እየሮጠ ወደ ሳህኑ ይመጣል፤ ይጎርሳል። ከደቂቃ በኋላ አንገቱን ዘርግቶ የበላውን ሳይፈጭ፣ እንደ ቋሊማ ተጠቅልሎ ያወጣዋል። ከዚያ ተመልሶ ሊበላው ይሞክራል። ባለቤቱ የጨጓራ ነገር መስሏት ነበር። ስጠይቃት ክኒኑን በትክክል ነው ስትሰጠው የቆየችው፣ አንድ ቀን ሳታዛንፍ። ውሃ ማስከተል እንዳለባት ግን ማንም አልነገራትም። የነገራት ቢኖር ያ ሁሉ ስቃይ አይደርስም ነበር። ከፋርማሲ የምንገዛው ማሸጊያ ላይ ለድመት ተብሎ የሚጻፍ ነገር የለምና ይህን የመንገር ኃላፊነት የእኛ የሐኪሞቹ ነው።

እንግዲህ አሰጣጡ እንዲህ ነው።

ዳማ ከመምጣቷ በፊት ሁሉን ነገር አዘጋጂ። የዛሬውን ቁራጭ፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ 5 ወይም 6 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ የተሞላ፣ የምትወደው ምግብ ማንኪያ ሙሉ፣ አንድ የገላ ፎጣ። የተቆረጠ ክኒን ጠርዙ ሹል ነው፤ መራራውም ያለው የተቆረጠው ፊት ላይ ነው። ስለዚህ በጣም ትንሽ ለጋ ቅቤ ቀቢው። ትንሽ ቅቤ ውስጥ ያለው ካልሲየም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የተነጠረው ቅቤ ግን ይቅር፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሊኖርበት ይችላል፤ ሁለቱም ለድመት መርዝ ናቸው።

ፎጣው ወፍራም ይሁን። ነጠላ ጥፍሯን አያቆምም። ጋቢ ደግሞ ስለሚወፍር እግሯ የት እንዳለ አይታወቅሽም። እንደ ሕፃን ጠቅልያት፤ ጭንቅላቷ ብቻ ይውጣ። አንገቷ ሥር አንድ ጣት የሚያስገባ ቦታ ተዪ። ጀርባዋን ለአንቺ ሰጥታ ጭንሽ ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ትቀመጥ። ፊት ለፊት አትምጪባት፤ ፊት ለፊት የሚመጣ እጅ ያስፈራታል።

ግራ እጅሽን ከጭንቅላቷ በላይ አሳርፊ። አውራ ጣትሽ አንዱ ጉንጯ አጥንት ላይ፣ መሃል ጣትሽ ሌላው ላይ። ጢሟን አትጫኚው። አሁን አፍንጫዋን ቀስ ብለሽ ወደ ጣሪያው አቅኚ። ይህን ስታደርጊ የታችኛው መንጋጋዋ በራሱ ይላላል። በቀኝ እጅሽ ክኒኑን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘሽ፣ በመሃል ጣትሽ ከታች ያሉትን ትንንሽ የፊት ጥርሶች ወደታች ጫን አድርጊ። አፏ ይከፈታል። ክኒኑን ከምላሷ ጉብታ አልፎ፣ ልክ መሃሉ ላይ ጣዪው። ወደ ጎን ከወደቀ ትተፋዋለች። ምላሷ ጫፍ ላይ ከወደቀም ትተፋዋለች።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። አፏን ከዘጋሽ በኋላ ጭንቅላቷን ወደ ላይ እንደያዝሽ አትቆዪ። አንቺም ጣሪያ እያየሽ ለመዋጥ ሞክሪ፤ ያስቸግራል። አፏን ዘግተሽ ወዲያው ጭንቅላቷን ወደ ቦታው መልሺው፤ ጉሮሮዋን በጣትሽ ከላይ ወደታች ዳብሺው። ምላሷን አውጥታ አፍንጫዋን ስትልስ ውጣዋለች ማለት ነው።

ወዲያው ውሃውን። የሲሪንጁን ጫፍ ከክራንቻ ጥርሷ ጀርባ፣ በጉንጯና በጥርሷ መሃል አስገቢው። ቀጥታ ወደ ጉሮሮዋ አታነጣጥሪ። ጭንቅላቷ ቀና አይበል። ትንሽ ትንሽ ግፊ፤ ስትውጥ ቆይተሽ እንደገና። ካሳለች አቁሚ፣ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጊላት፣ ትንፋሿ ይመለስ። ሽሮፕ የታዘዘ ቀንም አሰጣጡ ይኸው ነው። ሽሮፑን በሲሪንጅ ለኪ እንጂ በስኳር ማማሰያ ማንኪያ አትለኪ፤ ማንኪያ ሁሉ እኩል አይይዝም። ከውሃው በኋላ ፎጣውን ፍቺና ምግቧን ስጫት። ምግቡ ራሱ ክኒኑን ወደታች ይገፋል።

ስትለማመጅው ክኒኑ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። የመጀመሪያ ቀን ግን ሦስት ጊዜ ልትተፋው ትችላለች። ከሦስተኛው በኋላ ተያት። ሁለታችሁም ትንሽ ዕረፉና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሞክሪ። ተናዳ ሳለች መታገል ለእጅሽም ጥሩ አይደለም፤ የድመት ንክሻ ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ ቶሎ ይመረቅዛል። ከነከሰችሽ በሳሙና በደንብ ታጠቢና ራስሽም ሐኪም ይይሽ።

በምግብ ሸውደን እንስጣት ብትዪ፣ ቱና ወይም ሰርዲን ውስጥ ትንሽ ጉርሻ አድርጎ መሞከር ይቻላል። ውሃው ግን አሁንም ይከተል። ደግሞም ጉንፋን የያዛት ድመት አፍንጫዋ ስለተዘጋ ምግብ አይሸታትም፤ ያልሸተታትን ደግሞ አትበላም። መጀመሪያ አፍንጫዋን ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ጥረጊላት። ምግቡን ሞቅ አድርጊው፤ ሽታው ይነሣል። ይህቺ ትንሽ ነገር ብዙ ድመት ወደ ሳህኑ ስትመልስ አይቻለሁ።

የዓይን ቅባቱንም እንደተጠቀለለች ጨርሺው። ዓይኗ ላይ ያለውን ፈሳሽ መጀመሪያ አጽጂ። ከኋላዋ ሆነሽ የታችኛውን ቆብ ዝቅ አድርጊና የሩዝ ፍሬ የምታህል ቅባት እዚያ ውስጥ አስቀምጪ። የቱቦው ጫፍ ዓይኗን አይንካ። ከዚያ ዓይኗን ጨፍነሽ ቀስ ብለሽ እሺው። ቤት ውስጥ የተረፈ የሰው ጠብታ ግን አትጠቀሚ። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ የዓይኗ መስታወት ላይ ቁስል ካለ ቁስሉን ያባብሰዋል፤ በድመት ጉንፋን ደግሞ ያ ቁስል ያጋጥማል።

አሁን ወደ ሶፋው ሥር። ይኸኛው ሆዴን ይበላኛል፤ ምክንያቱም ጥያቄሽ ውስጥ ከክኒኑ ይልቅ እሱ እንዳሳዘነሽ ይታወቃል። ዳማ አልጠላችሽም። ስሟን፣ ድምፅሽን፣ የሲሪንጁን ኮሽታ ከመራራው ጋር አያይዛዋለች። ይህ ይፈታል። ስሟን ጠርተሽ መድኃኒት አትስጫት፤ ስሟ ሁልጊዜ ለጥሩ ነገር ይሁን። ከሶፋ ሥር በእግሯ እየጎተትሽ አታውጫት፤ ያ ቦታ መሸሸጊያዋ ሆኖ ይቅርላት። ከመድኃኒት ሰዓቷ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለሽ መሸሸጊያ የሌለበት ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ መታጠቢያ ቤትም ቢሆን፣ አብረሻት ተቀመጪ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን። ደግሞ በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ያለ መድኃኒት፣ በሲሪንጁ የቱና ውሃ ጠብ ጠብ አድርገሽ አስልሻት። ሲሪንጅ ሲመጣ ሁሌ መራራ እንዳልሆነ ትማራለች። በሁለት ሦስት ቀን ለውጥ ታያለሽ።

ቡቺ ቀላል ነው። ውሻ ክኒን የሚለየው ሲያኝክ ነው። የሚያኝከው ደግሞ ጉርሻው ሲተልቅ ነው። እናንተ ትልቅ ሥጋ ውስጥ ወትፋችሁ ስትሰጡት ይተኛና ተዝናንቶ ያኝከዋል። ክኒኑ ጥርሱ ሥር ሲገባ መረረው፤ ለየው፤ አስቀመጠው። የትል መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ካለበት መራራነቱ ልክ የለውም።

እኛ አገር «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባል የለ? ለቡቺ ሦስት ጉርሻ አዘጋጂለት። ከአውራ ጣትሽ ጫፍ የማይበልጡ፣ ለስላሳ፣ ሳይታኘኩ የሚዋጡ። የመጀመሪያው ባዶ ነው። ይውጠው። ሁለተኛው ውስጥ ክኒኑ አለ። ሦስተኛውን ደግሞ ሁለተኛውን ስትሰጪው አብሮ አሳዪው፣ አፍንጫው ፊት። ዓይኑ ሦስተኛው ላይ ስለሆነ ሁለተኛውን ለመመርመር ጊዜ የለውም፤ ላፍ አድርጎ ይውጠዋል። እጅሽንም ተጠንቀቂ። ክኒኑን የነካው ጣት ጉርሻውን ከጠቀለለ ሽታው ከላይ ይቀራል። በአንድ እጅ ክኒኑን አስገቢ፣ በሌላው ዝጊው። ከራቱ በፊት፣ ሲርበው ይሁን። ሌላ ውሻ ካላችሁ በዚያች ደቂቃ ራቅ ይበል።

በምን ልጠቅልለው ካልሽ፣ በደንብ የበሰለ ጉበት አንደኛ ነው። ጥሬው አይሁን። በዓል ሲመጣ በግ ታርዶ ሳንባውና ጉበቱ ለውሻ ይጣላል አይደል? አንዳንድ ጊዜ እዚያ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይኖራል። ያ የትል ቋጠሮ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፤ ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ልጅ ሊይዘው ይችላል። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ዓመታት ቆይቶ ቀዶ ጥገና እስከማስፈለግ ይደርሳል። ለቡቺ የትል መድኃኒት እየሰጡ መድኃኒቱን በጥሬ ጉበት መጠቅለል ማለት በአንድ እጅ እየጠረጉ በሌላው መበተን ነው።

ጾም ከሆነና ቤት ውስጥ ሥጋ ከሌለ የለውዝ ቅቤ ድንቅ ነው። አፍ ላይ ስለሚጣበቅ ክኒኑን አይለቀውም። እዚሁ የሚዘጋጀው ከለውዝ ሌላ ያን ያህል ነገር አይገባበትም። ከውጭ የመጣ «ስኳር የሌለው» ከሆነ ግን ጽሑፉን አንብቢ፤ ዛይሊቶል (የስኳር ምትክ ማጣፈጫ ነው) የሚል ካለበት አትስጪው። ዛይሊቶል የውሻን የደም ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ ያወርዳል፣ ጉበትም ይጎዳል። የተቀቀለ ድንች ፈጭቶ ማድበልበልም ይሠራል። ወጥ ግን አይሁን። ከዶሮ ወጥም ሆነ ከሽሮ ጠልቆ በተወለወለ እንጀራ መጠቅለል ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ቸኮሌትም ሆነ ዘቢብም ለውሻ ይቅርበት።

መጠኑን በግምት አትስጪ። ብዙዎቹ ጥምር የትል ክኒኖች አንድ ፍሬ ለ10 ኪሎ ናቸው፤ ማሸጊያውን እዪ። ሚዛን ካላችሁ ቡቺን አቅፈሽ ውጪበት፣ ከዚያ ብቻሽን። አብራችሁ 62፣ ብቻሽን 51 ከሆነ ቡቺ 11 ኪሎ ነው። አንዳንዱ «ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲን ውጋውና ተገላገል» ይላል። ያ መድኃኒት በ1 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም አለው፤ 1 ሚሊ ሊትሩ ለ50 ኪሎ ከብት የተሠራ ነው። በዓይን ግምት ለ11 ኪሎ ውሻ ሲሰጥ ስሕተቱ ቀላል አይሆንም። ኮሊ የመሰሉ ዝርያዎችና ዲቃሎቻቸው ደግሞ በትንሽ መጠንም አንጎላቸው ይጎዳል። ይህ ሳያንስ የኮሶ ትልን አይገድልም።

ድመትና ውሻ አንድ ቤት ስላሉሽ ይህችን ልጨምር። ለውሻ መዥገርና ቁንጫ ጀርባ ላይ ጠብ ጠብ የሚደረገው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ፐርሜትሪን አለበት። ለድመት መርዝ ነው፤ ያንቀጠቅጣታል። ለቡቺ ስትቀቢው እስኪደርቅ ዳማ አጠገቡ አትተኛ።

አሁን ረጋ ብለሽ እንድታነቢው የምፈልገው አለ። ክኒን መትፋትና መዋጥ አለመቻል ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ትናንት በደህና የሚበላ ውሻ ወይም ድመት ድንገት መዋጥ ካቃተው፣ ምራቁ ከተንጠለጠለ፣ መንጋጋው ከወደቀ፣ ድምፁ ከተለወጠ ወይም ጠባዩ ካስገረመሽ፣ እጅሽን አፉ ውስጥ አታስገቢ። «አጥንት ወግቶት ይሆናል» ብለው ጉሮሮውን ሲፈትሹ ለእብድ ውሻ በሽታ የተጋለጡ ሰዎች አሉ። በሩን ዝጊበት፣ ልጆችን አርቂ፣ ሐኪም ጥሪ። ምራቅ ቁስል ላይ ከነካሽ ወይም ከነከሰሽ ቦታውን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቢ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂጂ። ክትባቱ የሚያድነው ምልክት ከመጀመሩ በፊት ነው። የባህል መድኃኒት ሞክሬ ልየው ተብሎ የሚቆይበት በሽታ አይደለም። ቡቺም ሆነ ዳማ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባታቸው በየጊዜው መታደሱን አረጋግጪ።

ስለ ቀሪዎቹ ቀናት፦ በአራተኛው ቀን ማስነጠሷ ቢቆም መድኃኒቱን አታቋርጪ፤ ሐኪሟ ያዘዘውን ቀን ጨርሺ። አንድ ቀን ካለፈሽ በማግስቱ ሁለት ቁራጭ አትስጪ፤ የዕለቱን ብቻ። ሰጥተሻት ወዲያው ካስመለሳት ሌላ ከመድገምሽ በፊት ወደ ሐኪሟ ደውዪ። በዚህ መንገድ ሁለት ቀን ሞክረሽ ካልሆነም ደውዪና በግልጽ ንገሪው፦ «መስጠት አልቻልኩም» በይ። ይህን መናገር የሚያሳፍር ነገር የለውም። መርፌ ሊሆን ይችላል፣ ሽሮፕ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሌላ መድኃኒት። እኛን የሚጎዳን ባለቤቱ አፍሮ «ሰጥቻለሁ» ሲለን ነው፤ መድኃኒቱ አልሠራም ብለን ወደ ጠንከር ያለው እንሄዳለን።

ዛሬ ማታ ዳማን ተያት፤ ሶፋው ሥር ትረፍ። የሞቀ ምግቧን ከሶፋው ጠርዝ ላይ አስቀምጪላትና ዞር በዪ። ነገ ጠዋት በፎጣውና በውሃው ትጀምሪያለሽ። በመሃል አፏን ከፍታ ስትተነፍስ ካየሻት ወይም ሙሉ ቀን ምንም ካልቀመሰች ግን ነገን አትጠብቂ፤ ይዘሻት ሂጂ።